አውጪና ተቀባይ፦ ስለ ክላርኔትና ኦርኬስትራ

ሽለላ ለብቻ አይሸለልም። ሸላዩ ወደ መካከል ይወጣል፤ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን በትከሻው ያጋድማል፤ ድምፁን ከዝቅተኛው አንሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያወጣዋል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ደግሞ በየመካከሉ እየተቀበለ፣ እያበረታታ፣ አንዳንድ ጊዜም እያቋረጠ ያጅበዋል። በጎረቤላ ሰርግም ሆነ ደቦ ላይ የዋለ ሰው ይህን ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ መርገጥ አያስፈልገውም። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ነው፤ መንገዱ ግን ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ይኸውም አንድ ክላርኔት ሙሉ ኦርኬስትራ አጅቦት ወደሚጫወትበት የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ ሁለት አስተያየቶች ለብዙ ዘመን ሲነገሩ ኖረዋል። አንደኛው፣ የመሳፍንትና የመኳንንት አዳራሽ ሙዚቃ ስለሆነ ከሕዝብ ኑሮ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሥልጣኔ ጣሪያ እርሱ ስለሆነ የእኛም ዜማ ወደዚያ «ከፍ» እንዲል መደረግ አለበት የሚል ነው። የመጀመሪያው አስተያየት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየስብሰባው ይሰማ ነበር፤ ሁለተኛው ከዚያም በፊት ነበረ፣ ዛሬም አልጠፋም። ሁለቱ የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሙዚቃውን ከማድመጣቸው በፊት ፈርደውበታል።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አቅራቢያ ባለችው በጎረቤላ፣ ከጥቂት መምህራን ጋር አምሽተን የሞዛርትን የክላርኔት ኮንቸርቶ ሰማን። ብርዱ የሚታወቅ ነው፤ ከምሥራቅ በኩል ከቆላው የሚወጣው ጉም ደጁን ሸፍኖታል። የመጀመሪያው ክፍል ሲጫወት ጨዋታችን አልቆመም ነበር። ሁለተኛው፣ ዝግተኛው ክፍል ሲጀምር ግን አንድ አዛውንት መምህር ጽዋቸውን አስቀምጠው፣ «ይኼ እኮ ተቀባይ አለው!» አሉ። ከዚያች ቃል የተሻለ የሙዚቃ ሂስ በዚያ ዓመት አልሰማሁም።

አባባላቸው ትክክል ነው። በዚያ ክፍል ክላርኔቱ ቀድሞ ዜማውን ብቻውን ያወጣል፤ ከሥሩ ያሉት የአውታር መሣሪያዎች እጅግ ዝግ ብለው ይደግፉታል። አንድ ሐረግ ሲፈጽም መላው ኦርኬስትራ ያንኑ ዜማ በሙሉ ድምፁ ይቀበለዋል። ክላርኔቱ ሁለተኛውን ሐረግ ያወጣል፤ ኦርኬስትራው እንደገና ይቀበላል። አውጪው በለሆሳስ፣ ተቀባዩ በጉልበት። የእርሻና የሰርግ ዘፈኖቻችን የቆሙት በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው፤ ልዩነቱ ሞዛርት ተቀባዩ እንዴት እንደሚቀበል አንድም ሳያስቀር በኖታ መጻፉ ነው።

ሥራው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1791 መጸው ላይ፣ ደራሲው ከመሞቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። የተጻፈውም ለአዳራሹ ጌቶች ሳይሆን ለአንድ ባለሙያ፣ ለአንቶን ሽታድለር ነው። ሽታድለር ከተለመደው ክላርኔት ይልቅ ወደ ታች ጥቂት ድምፆች የሚጨምር፣ ረዘም ያለ መሣሪያ ነበረው፤ ሞዛርትም እነዚያን ወፍራም ድምፆች አውቆ ተጠቀመባቸው። በደራሲው እጅ የተጻፈው ቅጂ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1801 ሲታተም ለተራው ክላርኔት እንዲስማማ ተደርጎ ስለወጣ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ትውልድ የሰማው ታችኛው ድምፅ የተቆረጠበትን ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሞዛርት የተወው ነገር ነው። በኦርኬስትራው ውስጥ ኦቦ የለም፣ መለከት የለም፣ ከበሮ የለም፤ ሁለት ፍሉት፣ ሁለት ባሱን፣ ሁለት ሆርንና የአውታር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ከክላርኔቱ ጋር የሚሻማ ሹል ድምፅ ሁሉ ወጥቷል። የቅንብር ባለሙያዎቻችን ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ብዙ ባተረፍን ነበር። በእኛ ዘንድ ቅንብር ማለት መጨመር ሆኖ ቀርቷልና።

ካርል ማሪያ ፎን ቬበር እ.ኤ.አ. በ1811 ለሙኒኩ ተጫዋች ለሃይንሪሽ ቤርማን የጻፋቸውን ሁለት ኮንቸርቶዎች እምብዛም አላደንቅም፤ ጣት የሚያስሮጡ፣ ጭብጨባ የሚለምኑ ቦታዎች በዝተውባቸዋል። ከዚህ ፍርድ የማወጣው የመጀመሪያውን ኮንቸርቶ ዝግተኛ ክፍል ነው። እዚያ ሦስት ሆርኖች በአንድነት ሲያዜሙ ክላርኔቱ በመካከላቸው ገብቶ ይነጋገራቸዋል፤ በምሽት ተራራ ለተራራ እንደሚጠራሩ ሰዎች።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ክላርኔት እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከዴነር ቤት የወጣ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ቱቦው ቀጥ ያለ፣ በአፍ በኩልም እንደ ተዘጋ ስለሚቆጠር፣ ትንፋሹ ሲጠነክር ድምፁ እንደ ፍሉት ወደ ስምንተኛው ሳይሆን ወደ አሥራ ሁለተኛው ይዘላል። አንድ ክላርኔት የሁለት ሰው ጉሮሮ ያለው የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ታች ጨለም ያለ፣ ላይ ጥርት ያለ። ድምፁን የሚያስነሣው ሪድ የሚባለው ስስ ስንጣሪ ከምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው አይጠይቅም። የሚሠራው ከሸምበቆ ነው። እረኛው ዋሽንቱን የሚቆርጥበት ያው ሸምበቆ ማለት ነው። የመሣሪያው አካል የሚጠረብበት ጥቁር እንጨት ደግሞ በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚሄድ ሲሆን፣ ዛፉ በአገራችን በሰሜን ምዕራቡ ቆላም ይበቅላል። ስለዚህ ክላርኔትን «የባዕድ እቃ» የሚል ሰው ከእቃው ውስጥ ባዕድ የሚሆንበት ቁልፉና ብሎኑ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን የገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከመስኮብ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባው የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተከተሉ። ክላርኔት በእነዚህ ባንዶች ውስጥ ለረጅም ዘመን የሰልፍ ዜማ አድማቂ ሆኖ ነበር። ብቻውን ወጥቶ እንዲናገር ያደረጉት እንደ መርዓዊ ስጦት ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። (ሙላቱ አስታጥቄም በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ክላርኔት ማጥናታቸውን፣ ቫይብራፎናቸው ስላስረሳን ብዙዎቻችን አናስታውስም።)

ይሁን እንጂ ለጉዳያችን ዋናው ሰው ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. የአንኮበር ጎረቤት በሆነው በይፋት ነው። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1941 ዓ.ም. ገደማ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቆይቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። እኚህ ሰው ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሽለላን ያለ ቃል፣ በመሣሪያ ብቻ ተጫወቱት። ጎፈርና አጎዘራቸውን ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ታዳሚው ገና ድምፅ ሳይሰማ ምን ሊመጣ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው ሸክላቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሳክስፎኑ ትንፋሹን ሰብሮ ሲያንቀጠቅጠው፣ ቃሉ ባይኖርም የሸላዩ ትዕቢት፣ ቁጭትና ዛቻ አንድ በአንድ ይሰማል።

እዚህ ላይ ግን ለታላቁ ባለሙያ ያለን አክብሮት ዝም ሊያሰኘን አይገባም። በዚያ ሸክላ ውስጥ አውጪ አለ፤ ተቀባይ ግን የለም። ባንዱ ከኋላ ምት ይጠብቃል፣ ያጅባል፤ አይመልስም፣ አያቋርጥም፣ አይከራከርም። ጌታቸው ሰባ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከኔዘርላንድሱ «ዘ ኤክስ» ቡድን ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ሞዓ አንበሳ» በተባለው ሥራ የተጫወቱትን ስሰማ የምረካው ስለዚህ ነው። እነዚያ ጊታሮች ይጮኹባቸዋል፣ ይገፏቸዋል፤ ፈረንሣዊው የክላርኔት ተጫዋች ሃቪየር ሻርል ከጎናቸው ገብቶ ይመልስላቸዋል። አንዳንድ አድማጮች «ጩኸት ነው» ብለው አልወደዱትም። እኔ ግን ሸላዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ መካከል ቆሞ የሰማሁት እዚያ ነው። ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ፤ ያን ሥራ ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሚያደርሰው ሰው ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ሙከራ አልነበረም ማለት አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመሩት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ አሰምተዋል። በዚያው ዓመት ገደማም «ኮቱራሲያ» በተባለው ሥራቸው ክላርኔትን ከፍሉት፣ ከቫዮሊንና ከጃፓኑ ኮቶ ጋር አገናኝተዋል። በሌላ በኩል በ1955 ዓ.ም. በግብፃዊው ሊቅ በሃሊም ኤል ዳብ አነሣሽነት የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ በኋላም በተስፋዬ ለማ እጅ፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድ መድረክ አሰልፏል። አንደኛው መንገድ የእኛን ዜማ ወደ ውጭው ኦርኬስትራ ወሰደ፤ ሁለተኛው ኦርኬስትራ የሚለውን ሐሳብ ወደ እኛ መሣሪያዎች አመጣ። ሁለቱ መንገዶች ግን አንድ ቦታ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

በመካከሉ የሚቀርብ አንድ ብርቱ መቃወሚያ አለ። ቅኝቶቻችን፣ በተለይም አንቺ ሆዬ፣ በፒያኖ ቁልፎች እኩል በተከፋፈሉት ድምፆች ልክ አይቀመጡም፤ ስለዚህ ኦርኬስትራ ያጠፋቸዋል ይባላል። ለፒያኖ እውነት ነው። ለክላርኔት ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ጥሩ ተጫዋች በከንፈሩና ቀዳዳውን በከፊል በመክፈት ድምፁን ዝቅና ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ የቫዮሊን ጣትም የታጠረ ቦታ የለውም። የሚያስቸግረው መሣሪያው ሳይሆን የተጫዋቹ ጆሮ የሰለጠነበት ልማድ ነው፤ እርሱም ዋሽንት ነፊውን ከክላርኔት ተማሪው ጋር አንድ ክፍል በማስቀመጥ የሚታረም ነው። ይህን መምህራን ያውቁታል።

የአቀራረብ አርአያ ለሚፈልግ የሙዚቃ ደራሲ ሁለት ሥራዎችን እጠቁማለሁ። የዴንማርኩ ካርል ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1928 በጻፈው ኮንቸርቶ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከበሮ ከክላርኔቱ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጣላለች፤ ትቆሰቁሰዋለች፣ ታናድደዋለች፣ ባለጌ ታደርገዋለች። ከበሮ ማጀቢያ ብቻ እንዳልሆነ ለእኛ ሰው መንገር ባያስፈልግም፣ ለቅንብር ባለሙያዎቻችን ያስፈልጋል። አሜሪካዊው አሮን ኮፕላንድ ደግሞ ለጃዙ ክላርኔት ተጫዋች ለቤኒ ጉድማን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1950 በተሰማው ኮንቸርቶ፣ ዝግተኛውንና ፈጣኑን ክፍል ያገናኘው ክላርኔቱ ብቻውን በሚናገርበት ረጅም ቦታ ነው። የአገሩን የመንገድ ሙዚቃ ወደ አዳራሹ ያስገባው በዚያች ድልድይ በኩል ነው።

ለሽለላ የሚሆነው ስፍራም እርሱ ይመስለኛል። ሽለላ ምት አይገዛውም፤ ሸላዩ ትንፋሹ ሲያልቅ ያቆማል፣ ልቡ ሲሞላ ይቀጥላል። ይህን በኖታ አስሮ ለተጫዋች መስጠት ሽለላውን መግደል ነው። ስለዚህ ደራሲው ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁንና መድረሻውን ብቻ ሰጥቶ የክላርኔቱን መስመር ባዶ ይተወው። የኦርኬስትራው መስመር ግን በአንድም ቦታ ባዶ አይሁን፤ ሁለቱ ሆርኖች የት እንደሚገቡ፣ ከበሮው የት እንደሚያቋርጥ፣ ቫዮሊኖቹ ስንት ጊዜ ቆይተው እንደሚቀበሉ ተለይቶ ይጻፍ። በጎረቤላ ሰርግ ላይ ሸላዩ የፈለገውን ይላል፤ ተቀባዩ ግን መቼ እንደሚነሣ ያውቃል።