ከኮረብታው ላይ የጠፉ ሁለት ፊደላት
(ስለ አንሰል አዳምስ ፎቶግራፎች የቀረበ ሒስ)

ስለ ፎቶግራፍ በመካከላችን የሚደረገው ክርክር ዘወትር በአንድ ቦታ ሲቆም እንሰማለን። አንዱ ወገን «ሥዕሉን የሚሠራው መሣሪያው ስለ ሆነ ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ሊባል አይገባውም» ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «ፎቶግራፍ አንሺው በጨለማ ክፍል ውስጥ እንዳሻው የሚለዋውጠው ከሆነ እንግዲያው ሐሰት ነው» ይላል። ሁለቱ ነቀፋዎች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸውን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ሁሉን የሚሠራው መሣሪያው ከሆነ ሰውየው ሊዋሽ አይችልም፤ ሰውየው ሊዋሽ ከቻለ ደግሞ ሥራው የሰው ሥራ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር በባዶው ከመነታረክ በአንድ ሰው ሥራ ላይ መመርመር ይሻላል ብዬ በተራራና በሰማይ ፎቶግራፎቹ የታወቀውን አሜሪካዊ አንሰል አዳምስን (1902–1984) መርጫለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኖቬምበር 1 ቀን 1941 አዳምስ በኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአውቶሞቢል ሲጓዝ፣ ኸርናንዴዝ ከምትባለው ትንሽ መንደር በላይ ጨረቃ ወጥታ አየ። ከጨረቃዋ በታች በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ከዚያም በታች ቤተ ክርስቲያንና የመቃብር ስፍራ አሉ፤ ልትጠልቅ የተቃረበችው ፀሓይ የመቃብሩን መስቀሎች ታበራቸው ነበር። ሰውየው ትልቁን ካሜራ በጥድፊያ ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ግን ቢፈልግ አጣው። ይሁን እንጂ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለ ነበረ (በአንድ ካሬ ጫማ 250 ካንድል ነው) ከዚያ ተነሥቶ ፊልሙ ለብርሃን የሚጋለጥበትን ጊዜ አሰላና አንድ ሰከንድ ሰጠው። ሁለተኛ ለማንሣት ሲሰናዳ የፀሓዩ ብርሃን ከመስቀሎቹ ላይ ለቀቀ። ይህን «ዕድል ነው» የሚል ቢኖር፣ ያ ዕድል ያን ቍጥር በቃሉ ላላጠና ሰው ምን እንደሚጠቅመው ይንገረን።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። የኔጋቲቩ የታችኛው ክፍል ስስ በመሆኑ አዳምስ በ1948 በኬሚካል አጠነከረው። ከዚህ ከአንድ ኔጋቲቭም በዘመኑ ሁሉ ከአንድ ሺሕ በላይ ቅጂዎች አወጣ። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ስስ ደመናዎች ይታዩበታል፤ በኋለኞቹ ላይ ግን ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቍሯል። አዳምስ በወጣትነቱ ፒያኖ ያጠና ሰው ነበርና፣ ኔጋቲቩን እንደ ተጻፈ ዜማ፣ ወረቀት ላይ የሚወጣውን ሥዕል ደግሞ እንደ ጨዋታው ይቈጥረው ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዱን የበገና ዜማ ሁለት ደርዳሪዎች ሲመቱት አንድ ዓይነት ነው የሚል የለም። በእኔ አስተያየት የቀድሞው ግራጫ ሰማይ ይበልጣል፤ የኋለኛው ጥቍረት የቴአትር መጋረጃ ይመስለኛል። ዳሩ ግን ሐሰት ነው አልልም። አዳምስ ሥዕሉን ያነሣበትን ቀን በትክክል ሳይመዘግብ ቀርቶ ነበር፤ ከላይ የጻፍሁትን ቀን በ1991 አስልቶ ያገኘው የሥነ ፈለክ ዐዋቂ ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተነሥቶ ነው። ሰማዩ ቢጠቍርም ጨረቃዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላው ሥዕል ነው። በ1944 በካሊፎርኒያ፣ ሎን ፓይን በምትባል ከተማ አጠገብ ያነሣው የክረምት ንጋት ነው። ከላይ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች በፀሓይ ይነጣሉ፤ በመካከል ጥቍር ኮረብታዎች ተጋድመዋል፤ ከታች በብርሃን ውስጥ አንድ ፈረስ ይግጣል። ፈረሱ ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ነበረ አዳምስ በብርድ ቆሞ ጐኑን እስኪያዞርለት ጠበቀ። በጥቍሩ ኮረብታ ላይ ግን የከተማይቱ ተማሪዎች የከተማቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ «ኤል» እና «ፒ»ን፣ በነጭ ድንጋይ ጽፈው ነበር። አዳምስ እነዚህን ፊደላት ከኔጋቲቩ ላይ ፋቃቸው፤ የቀረውንም ርዝራዥ በየቅጂው ላይ በቀለም ደፈነው። ይህንንም አልደበቀም፤ የተፈጥሮን መልክ ያበላሸ ጠባሳ ነው ብሎ በጽሑፍ ተከራክሮበታል።

(የአንድ ኮሌጅ ተማሪ ለተማሪ ቢያደላ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።)

ሰማይን ማጥቈርና ፊደልን መፋቅ አንድ ነገር አይደሉም። በመጀመሪያው ሠዓሊው ያየውን ነገር አጥብቆ ይናገራል፤ በሁለተኛው ግን የነበረውን አልነበረም ይላል። ደግሞስ ፈረሱ የማን ነው? ለማዳ ፈረስ ባለቤት አለው፤ ውበት ስላለው ቀረ፤ ፊደላቱ ውበት ስለሌላቸው ተባረሩ። እንግዲህ «ንጹሕ ተፈጥሮ» የተባለው የተመረጠ ተፈጥሮ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ቦታው ነው። ከሎን ፓይን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ማንዛናር የሚባል ሰፈር ነበረ፤ በዚያም ከ1942 እስከ 1945 የጃፓን ትውልድ ያላቸው አሜሪካውያን ያለ ፍርድ ታግተው ነበር፤ ቍጥራቸውም በአንድ ወቅት ከ10,000 በላይ ደርሷል። ያን ንጋት ያነሣው ይህንኑ ሰፈር ሊጐበኝ በመጣበት ጊዜ ነው። ለፍርድ ያህል፣ አዳምስ የታጋቾቹን ፊት በክብር አንሥቶ ጦርነቱ ሳያልቅ በ1944 መጽሐፍ አድርጎ ማሳተሙን መናገር ይገባል፤ ይህ በዚያ ጊዜ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ነገር ግን ከዚያው ሰፈር ያነሣውን የዊልያምሰን ተራራ ፎቶግራፍ ብንመለከት፣ ድንጋይና ብርሃን ብቻ ነው። በ1955 በኒው ዮርክ በተከፈተው «የሰው ቤተሰብ» በተባለው ኤግዚቢሽን ላይ ሲሰቀል፣ ከተመልካቾቹ መካከል ሠዓሊው የቆመበትን መሬት የጠረጠረ ምን ያህል ነው?

ነገሩ ወደ እኛም ይደርሳል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ የሚመጡት ፎቶግራፎች ገደሉን፣ ጭላዳውን፣ ጅብራውን ያሳያሉ፤ ገብስ ዘሪውን የሚያሳዩት ጥቂት ናቸው። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ለዱር አራዊቱ ያስፈልግ ነበር የሚለውን ክርክር አልንቅም፤ ፎቶግራፍ አስወጣቸውም አልልም። ተራራን ያለ ሰው ማየት የለመደ ዐይን ግን ሲለቁ ምን እንደ ጐደለ ቶሎ አያስተውልም።

በቅርቡ ባየሁት አንድ የስሜን ፎቶግራፍ ላይ በግራ ጥግ በኩል የእርሻ ትልም ይታያል። አንሺው ሳያየው ቀርቶ ይሁን ወይም አውቆ ይተወው አላውቅም፤ እኔ ግን ገደሉን ትቼ እሱን ስመለከት ቈየሁ።