ሁለተኛው ቤት

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ምክር ብሎ ይመጣል። ጥያቄው ያው ነው፤ ቤት ልግዛ ወይስ አክሲዮን? ጠያቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ቤቱ ላይ አርፏል፤ ከእኔ የሚፈልገው «ደግ አደረግህ» መባልን ነው።

አልፈርድበትም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሲወረሱ ባለአክሲዮኖች ወረቀታቸውን ታቅፈው ቀሩ። በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተራው ደረሰው፤ ያም አዋጅ ቢሆን ለባለቤቱ አንድ መኖሪያ ትቶለታል። ለአክሲዮን እንዲህ ያለ ምሕረት አልተደረገም። ልጆች ይህን ከወላጆቻቸው ሰምተው አድገዋል።

እኔ ግን ቤቱንም እንደ ድርጅት ሒሳብ እሠራለታለሁ። 6 ሚሊዮን ብር የተጠራበት ኮንዶሚኒየም በወር 25 ሺህ ይከራያል እንበል። በዓመት 300 ሺህ ነው፤ 5 በመቶ። ከዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የደላላ፣ ተከራይ ወጥቶ ባዶ የሚከርምበት ወር፣ የፈነዳ ቧንቧ ማሠሪያ ይነሳል። የሚተርፈው ባንክ ለቁጠባ ከሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ፣ ከ7 በመቶው ያንሳል። ባለቤቱ ኪራይ ልጨምር ቢልም ከ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ወዲህ እንደልቡ አይሆንለትም። ስለዚህ ተስፋው በሙሉ የቤቱ ዋጋ ላይ ነው። ተስፋው ከንቱ ነው አልልም፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ቤት ያለው ሰው ጥሬ ብር ከያዘው ይልቅ ተረጋግቶ ተኝቷል።

ግን ያ ዋጋ የሚገኘው ደላላ አፍ ላይ ነው። የጎረቤት ቤት 7 ሚሊዮን ተጠራበት ማለት 7 ሚሊዮን ተሸጠ ማለት አይደለም። «ቤት አይወርድም» የምንለው ሲወርድ የሚነግረን ስለሌለ ይመስለኛል።

የባንክ አክሲዮንም ለብዙ ዓመት ከዚህ አይሻልም ነበር። ሻጩ ገዢውን ራሱ አፈላልጎ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ይዞት ይሄድ፣ ዋጋውም በሁለቱ መካከል ይቀር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈትና ወጋገን ባንክ ቀድሞ ሲመዘገብ ደስ ያለኝ ዋጋ በአደባባይ ሊነገር በመሆኑ ነው። ደንበኞቼን የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው።

የባንክ አክሲዮን የሚመርጥ ሰው ሲገኝ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አብረን እንገልጣለን። የሊቀ መንበሩን መልእክት ዘልዬ ለአንድ አክሲዮን የደረሰው የተጣራ ትርፍ የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገው ወዲህ ባንኮች ካፒታል ለመሙላት አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ከርመዋል። ትርፉ በ20 በመቶ አድጎ የአክሲዮኑ ብዛት በ40 በመቶ ከጨመረ የእያንዳንዱ ድርሻ ቀንሷል፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው ግራፍ ግን ሽቅብ ነው። ደግሞም የባንክ ሀብት በአብዛኛው በብር የተሰጠ ብድር ነው፤ የዋጋ ንረት እንደ ቤት አይምረውም።

የራሱ መኖሪያ የሌለው ሰው ቤቱን ያስቀድም፤ ይህን አልከራከርም። የምከራከረው ሁለተኛው ቤት ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ጀምሮ ሲሸጥ 9,900 ብር ያለው ሰው ባለድርሻ ሆኗል። በዚያ ገንዘብ ደህና የብረት በር እንኳ አይገዛም። ሲቸግርም እንዲሁ ነው፤ ለሕክምና 400 ሺህ ብር የጎደለው ባለቤት ሳሎኑን ነጥሎ አይሸጥም፤ ባለአክሲዮኑ ግን ከያዘው ላይ የሚበቃውን ያህል ይሸጣል። ገዢ ካገኘ ነው እንጂ፤ ገበያው ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም በፊት የስድስት ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ እላለሁ። ይህችን ምክር በደስታ የተቀበለኝ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።