ተቀበል!

በጥር ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ሠርግ በሠርግ ነው። ጠላው ዞሮ አዝማሪው ማሲንቆውን ታቅፎ ዳስ ሲገባ ግን ድግሱ መልኩን ይለውጣል። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ ቆዳ የተለበጠ ገላ፣ ደጋን። የቀረው ጆሮና ምላስ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው «ተቀበል!» የሚባልበትን ሰዓት ነው። ከእድምተኛው አንዱ ብድግ ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው እዚያው ዜማ አልብሶ ይመልስለታል። ገጣሚው አድማጩ ነው ማለት ነው። የለጋሱ ስም ከነአባቱ ይሞገሳል፣ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ቆንቋናውም አይቀርለትም፤ ሰሙን ሰምቶ ሲስቅ ወርቁ ያርፍበታል። ትከሻም ያኔ ነው የሚነቃው፤ ማሲንቆው ሲፈጥን እስክስታው ይፈጥናል።

ይህን የአዝማሪ ምላስ የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ ፈርቶታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ እልቂት በኋላ ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዟል።

ከአዝማሪዎች ሌላ ላሊበሎች ደግሞ አሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ያለ መሣሪያ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑ፣ ሲሰጧቸው የሚመርቁ። ዜማውን ከተውን ቁምጥና ይይዘናል የሚል እምነት በመካከላቸው ኖሯል። በአውሮፓ የሮማ ሕዝብ ሙዚቀኞችም ዕጣቸው የአዝማሪውን ይመስላል፦ ሠርጉን ያደምቃሉ፣ ጎረቤትነታቸው ግን ይጠላል። እኛም ብንሆን አዝማሪውን ወደን «አዝማሪ» እያልን ስንሳደብ ኖረናል።

አሁን አሁን በየሠርጉ ኦርጋንና ድምፅ ማጉያ ገብቷል። ይጮኻል እንጂ «ተቀበል» ቢሉት አይቀበልም።