ሶኬት ስንት ዋት ይበላል? የተሳሳተው ጥያቄ

የቤት ኤሌክትሪክ ጭነት ስሌት ስትማሩ የሚቀርብላችሁ መልመጃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ዋቱን ደምሩ፣ ለ220 ቮልት አካፍሉ፣ በወጣው አምፔር ሽቦና ብሬከር ምረጡ። ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ መብራትንና ሶኬትን በአንድ ዓይን ማየቱ ላይ ነው።

ለመብራት ዘዴው በደንብ ይሠራል። ባለ 9 ዋት 8 የኤልኢዲ አምፖሎች 72 ዋት ናቸው፤ ለ220 ሲካፈል 0.33 አምፔር ገደማ። በቃ፣ ጭነቱ ይታወቃል። ሶኬት ግን ራሱ ምንም አይበላም እኮ! የሚበላው የሚሰካበት ዕቃ ነው። "ሶኬት ስንት ዋት ነው?" ማለት "ባዶ ጆንያ ስንት ኪሎ ይመዝናል?" ብሎ የእህሉን ክብደት እንደመገመት ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ የሶኬት መስመር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር አለው እንበል። 16 × 220 = 3,520 ዋት ይችላል። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 15.9 አምፔር ይወስዳል፤ መስመሩ ሞላ ማለት ነው። እንጀራው እየተጋገረ ባለ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ብትሰኩ 25 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ ይወርዳል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። "ይሄ ብሬከር አስቸገረ፣ በትልቅ ይቀየር" ይባልና ባለ 32 አምፔር ይገጠማል። አሁን 25 አምፔሩ ያለ ከልካይ ያልፋል። ሽቦው ግን ያው የድሮው ነው። ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ከ16 ወደ 25 አምፔር ሲኬድ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሽቦው ልባስ ግድግዳ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ መጨረሻው እሳት ሊሆን ይችላል፤ ብሬከሩ ግን ዝም። የብሬከር ዋና ሥራ እኮ ሽቦውን መጠበቅ ነው።

ታዲያ ስሌቱ ከየት ይጀምር? ከኑሮው። በየትኛው ክፍል ምን ይሰካል? የትኞቹስ አንድ ላይ ይሠራሉ? ምጣድን ለመሰለ ከባድ ዕቃ የራሱ መስመር ይሰጠው። ከዚያ ሽቦው ለጭነቱ፣ ብሬከሩ ደግሞ ለሽቦው ይመረጥ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለማእድ ቤት አነስተኛ ዕቃዎች ቢያንስ ሁለት ባለ 20 አምፔር መስመሮች የሚጠይቀው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

እናንተም ሞክሩት፦ በአንድ መስመር ላይ አብረው የሚሠሩትን ዕቃዎች ዋት ከየጀርባቸው አንብቡ፣ ደምሩ፣ ለ220 አካፍሉ። ውጤቱ ከብሬከሩ ከበለጠ ወይ የሚሰካውን ቀንሱ፣ ወይ በባለሙያ ሌላ መስመር ይዘርጋላችሁ። ብሬከሩን ማሳደግ መልስ አይደለም።