የቀንድ አውጣ አሠልጣኝ እጅና ውሃ

የኩሬ ቀንድ አውጣን ማሠልጠን ላይ ላዩን ሲታይ የእጅ ሙያ ነው። ሊምኔያ ስታግናሊስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ይህች እንስሳ ኦክስጅን በበቂ መጠን ባለበት ውሃ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፤ ኦክስጅኑ ሲመናመን ግን ወደ ውሃው ገጽ ወጥታ የመተንፈሻ ቀዳዳዋን በመክፈት አየር ወደ ሳንባዋ ታስገባለች። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ኬን ሉኮቪያክና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የሠሩበት ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ልማድ ላይ ነው፦ ናይትሮጅን ተነፍቶበት ኦክስጅኑ በተመናመነ ውሃ ውስጥ የተቀመጠችው ቀንድ አውጣ ቀዳዳዋን ልትከፍት በቃጣች ቁጥር በሾለ የእንጨት ስንጥር ጫፍ በቀስታ ትነካለች፤ ለግማሽ ሰዓት እንዲህ ስትሠለጥን ቆይታም የመክፈት ሙከራዋን ትቀንሳለች። ንክኪው ቀዳዳዋን የሚያዘጋ፣ ነገር ግን መላ አካሏን ወደ ቅርፊቷ እንድትሰበስብ የማያደርግ መሆን ይኖርበታል፤ ይህን ልክ ደግሞ ጣት ይለምደዋል እንጂ ጽሑፍ አያስተምረውም። ለማነጻጸሪያ የምትያዘው ሌላዋ ቀንድ አውጣ የራሷ ቀዳዳ ይከፈትም ይዘጋም፣ ጥንዷ በተነካችበት ቅጽበት ብቻ ስለምትነካ አትማርም።

ጀማሪ ግን እጁን ሲጠብቅ ውሃውን ይዘነጋል። በአንድ ሊትር 80 ሚሊግራም ካልሲየም ባለበት ውሃ፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሠለጠነች ቀንድ አውጣ በማግስቱ ታስታውሳለች፤ ካልሲየሙ ወደ 20 ሚሊግራም ሲወርድ ግን ለጥቂት ሰዓታት የሚዘልቀው የመካከለኛ ጊዜ ትውስታ ሳይነካ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት የሚቆየውና በነርቭ ሴል ውስጥ አዲስ የጂን ግልባጭ መሠራትን የሚጠይቀው የረጅም ጊዜ ትውስታ ሳይፈጠር ይቀራል። ካልሲየም ለቅርፊት ግንባታ አስፈላጊ በመሆኑ ጉዳቱ የሰውነት እጥረት ነው ብሎ መገመት ይቀላል፤ ሆኖም ኦስፍራዲየም ከተባለው የውሃን ይዘት ከሚያጣጥም የስሜት አካል የሚመጣው ነርቭ ሲቆረጥ የካልሲየም ማነስ ትውስታን ማገዱን ያቆማል፤ ይኸውም እንስሳዋን የሚያስረሳት እጥረቱ ራሱ ሳይሆን እጥረቱን ማወቋ መሆኑን ያሳያል። ከሥልጠናው በፊት 20 ቀንድ አውጣዎችን በ100 ሚሊሊትር ውሃ ለአንድ ሰዓት ማጨናነቅም የረጅም ጊዜ ትውስታን ያግዳል፤ የዚህኛው መንገድ ግን ሌላ ነው፣ ነርቩ ቢቆረጥም አይቀርምና።

ይህ ሁሉ ጫና የትምህርት ጠላት ነው ወደሚል ድምዳሜ ይገፋ ይሆናል፤ ድምዳሜው ግን የችኮላ ነው። ቀንድ አውጣን የሚበላው የሸርጣን ዘመድ፣ ክሬይፊሽ፣ በቆየበት ውሃ ውስጥ ስትሠለጥን፣ በተራ ውሃ ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆይ ትውስታ የምታተርፍባት አንዲት የግማሽ ሰዓት ሥልጠና ለማግስቱ የሚተርፍ ትውስታ ትሰጣታለች። ስለዚህ «ጫና» የሚለው ቃል ለዚህ ሙያ ከልክ በላይ ሰፊ ነው፤ ምን ዓይነት፣ መቼና በየትኛው ስሜት በኩል የገባ መሆኑ ካልተነገረ እምብዛም አይጠቅምም። ክሬይፊሽ የነበረበትን ውሃ የያዘ ዕቃም ለዚያው ሥራ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ ይበጃል፤ በሚገባ ያልታጠበ እንደሆነ፣ አሠልጣኙ ጥፋቱን እንኳ ሳይጠረጥር በቀንድ አውጣዋ ብልህነት ሊደሰት ይችላል።