የአዞ አዳኝ፤ ጠብቆም ላልቶም ሲነበብ

ስለ ዱር እንስሳት የሚቀርብ የቴሌቪዥን ዝግጅት በኪነ ጥበብ ሂስ ሚዛን ላይ ሊቀመጥ ይገባዋልን? አይገባውም ባዮች ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ዝግጅት ወይ የሳይንስ ትምህርት ነው፣ ወይ የመዝናኛ ሰዓት መሙያ ነው፤ ይዘቱና ቅርጹ የሚመረመር የፈጠራ ሥራ ግን አይደለም ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ አይስማማም። አንድ ሰው በካሜራ ፊት ቆሞ፣ በድምፁ፣ በፊቱና በመላ አካሉ እየተጠቀመ፣ ተመልካቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰውን ፍርሃት መልሶ እንዲመረምር ካደረገው፣ የሠራው ሥራ የተዋናይ ሥራ ነው። የተዋናይ ሥራ ደግሞ ይተቻል።

ለትችት ያቀረብነው አውስትራሊያዊውን ስቲቭ ኧርዊንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ተወለደ፤ ወላጆቹ በ1970 በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ቢርዋ በተባለው ሥፍራ ባቋቋሙት የገበሎ አስተኔዎች መጠበቂያ ውስጥ በእባብና በአዞ መካከል አደገ። በ1980ዎቹ ዓመታት ለሰው አሥጊ የሆኑ አዞዎችን ከነሕይወታቸው እየያዘ ወደ ሌላ ሥፍራ በማዛወሩ የመንግሥት ሥራ በበጎ ፈቃደኝነት ተሳተፈ። በ1992 ተሪ የተባለችውን አሜሪካዊት ሲያገባ፣ ሙሽሮቹ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት አዞ ሲያጠምዱ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተነሣው ፊልም በ1996 ለጀመረው ተከታታይ ዝግጅት መነሻ ሆነ። ዝግጅቱ ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች ታይቷል። ኧርዊን ነሐሴ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በ44 ዓመቱ፣ በባሕር ውስጥ ፊልም ሲሠራ፣ በጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ደረቱን ወግቶት ሞተ።

የዝግጅቱ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የአዞ አዳኝ» ይሆናል። ይህ ስም በጽሕፈት አንድ፣ በንባብ ግን ሁለት ነው። «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ መሣሪያ ይዞ አውሬ የሚያሳድደውን ሰው ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ከሞት የሚያተርፈውን። እንግሊዝኛው ይህን መንታ ትርጉም አይሰጥም፤ የሰውየውን ሥራ ምንነት ግን አማርኛው ሳያስበው ገልጦታል ማለት ይቻላል። ኧርዊን ከአዞው ጋር ሲታገል የሚታየው አዳኝ ጠብቆ የሚነበበው ነው፤ አስሮ፣ ጭኖ፣ በሌላ ወንዝ ሲለቀው ደግሞ ላልቶ ይነበባል። ጥያቄው ተመልካቹ የትኛውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ? የሚለው ነው።

የጎጃም ሰው ፉከራን ያውቃል። ፉካሪ ግዳዩን ከጣለ በኋላ ወደ ሸንጎው ይወጣል፤ የሚያነሣው የራሱን ስም፣ የዘሩን ስም፣ የመሣሪያውን ስም ነው። የወደቀው አውሬ የሚጠራው የገዳዩን ክብር ለማግነን ብቻ ነው። ኧርዊን በቅርጹ ፉካሪ ነው። ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በይዘቱ ግን ፉከራውን ይገለብጠዋል። ውዳሴው የሚዘንበው በአውሬው ላይ ነው፤ ጥርሱ፣ ቆዳው፣ ፍጥነቱ፣ ለልጆቹ ያለው ርኅራኄ ይሞገሳል። እባብ ሲነክሰው ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላል። ተመልካች ጀግናውን ሊያይ መጥቶ የአውሬውን ውበት ሰምቶ ይሄዳል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሰውየው እውነተኛ የጥበብ ግኝት ይህ ነው፤ ቀሪው፣ የካኪ ቁምጣውን ጨምሮ፣ የገበያ ማስታወቂያ ነው።

ይህ ግኝት ለእኛ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ለመረዳት የራሳችንን ቅርስ መመልከት ይበቃል። ምሳሌያዊ አነጋገራችን ለእባብ የሚራራ ልብ የለውም። «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ይላል፤ መግደሉ ሳይበቃው የገደለበትን ዱላ ሳይቀር ያስጥላል። «የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሣው» ሲል ደግሞ የፍጡሩን አካል የክፋቱ ማስረጃ ያደርገዋል። አዞ እንባው የሐሰት ነው፤ እስስት የወላዋይ ሰው መጠሪያ ናት። ሥዕላችንም ከዚህ አይርቅም። በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ በቀለሙም ሆነ በአሣሣሉ የሠዓሊው ብርታት የሚታይበት ቢሆንም፣ ሁልጊዜ በጦር ተወግቶ ይሞታል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው የሚሥሉት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎችም ሲጀምሩ ሕዝቡን ያስገብር የነበረውን ዘንዶ አርዌን ያነግሡና ወዲያው ያስገድሉታል። የመንግሥት ታሪክ የሚጀምረው ዘንዶ ሲሞት ነው ማለት ነው።

አንድ ልዩ ነገር ግን አለ፤ ለምን በሚገባው መጠን እንዳልተጤነ ያስገርማል። በአቡነ አረጋዊ ሥዕል ጻድቁ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ተጎትተው ነው። ዘንዶው ከገደሉ አፋፍ ወደታች ተዘርግቷል፤ ጻድቁ ተንጠልጥለዋል፤ እንዳይጎዳቸውም መልአኩ ሚካኤል ሰይፍ ይዞ አጠገባቸው እንደነበረ ይተረካል። ሠዓሊዎቻችን ዘንዶን ሳይገድሉ የሣሉበት ይህ አጋጣሚ በፍቅርና በጥንቃቄ መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ሰሌዳ ላይ ያሳያል። ዘንዶው ይረዳል፤ ሰይፉ ግን ወደ ሰገባው አልተመለሰም። ኧርዊን በአንድ ሰዓት ዝግጅት ሊናገር የሚጣጣረውን የደብረ ዳሞ ሥዕል በዝምታ ይናገረዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በቴሌቪዥናችንስ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በተረት ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ። ጦጣው፣ ጅቡ፣ አንበሳው በእሳቸው አንደበት ሲናገር ያልሰማ የከተማ ልጅ የለም። ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም የተረት እንስሳ የእንስሳ ቆዳ የለበሰ ሰው ነው፤ ጅቡ ሆዳምነት ነው፣ ጦጣዋ ብልጠት ናት። ልጁ ከተረቱ ስለ ሰው ብዙ ይማራል፣ ስለ ጅብ ግን አንዳች አይማርም። የኧርዊን አዞ አዞ ነው። በአባባ ተስፋዬና በኧርዊን መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ሳይሆን የዘውግ ልዩነት ነው፤ ተረቱን የሚተካ ሳይሆን ከጎኑ የሚቆም ሌላ ዘውግ ያስፈልገናል ለማለት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንለፍ። አውስትራሊያዊቷ ጸሐፊ ጀርሜን ግሪር ኧርዊን በሞተ በቀናት ውስጥ፣ ሰውየው እንስሳትን አላከበረም፣ ያሉበት ድረስ እየሄደ ያውካቸው ነበር ስትል ጽፋ ብዙ ቁጣ አስነሣች። ጊዜው የለቅሶ ነበርና አነጋገሯ ጨካኝ መስሏል፤ ነጥቧ ግን በቁጣ የሚመለስ አይደለም። አዞ በዱር ውስጥ ቀኑን የሚያሳልፈው በመተኛት ነው። ካሜራ ደግሞ የተኛ አዞ አይወድም። ስለዚህ አዞው መነካት፣ መናደድ፣ አፉን መክፈት አለበት፤ ተመልካቹም «ቁጡ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሰውየው በቃሉ የሚያፈርሰውን ፍርሃት በእጁ መልሶ ይገነባዋል። በጥር 2004 እ.ኤ.አ. የአንድ ወር ሕፃን ልጁን በአንድ ክንዱ ታቅፎ በሌላው አዞ ሲመግብ መታየቱ የዚሁ ተቃርኖ ጫፍ ነበር። ሰር ዴቪድ አተንብሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ገበሎ አስተኔዎችና እንቁራሪት አስተኔዎች ባቀረቡት ተከታታይ ፊልም ተቃራኒውን መንገድ ይዘዋል፤ አቅራቢው ዳር ቆመው ያንሾካሹካሉ፣ ፍጡሩ የራሱን ኑሮ ይኖራል። ጥበቡ የረቀቀ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ የሻይ ቤት ተመልካች ስኒውን አስቀምጦ አንገቱን የሚያሰግገው ለኧርዊን ነው።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ለሐያሲ ከሁሉ የከበደ ማስረጃ ነው። በሳምንታት ውስጥ በኩዊንስላንድ የባሕር ዳርቻዎች ኧርዊንን የገደለው ዓይነት ዓሣ ቢያንስ 10 ያህል ሞተው፣ አንዳንዶቹም ጅራታቸው ተቆርጦ ተገኙ። የበቀል ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር በሰፊው ተነገረ። እሱ ያቋቋመው የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ድርጊቱን አወገዘ። ተመልካቹ እንስሳውን ይወድድ የነበረ ከሆነ ይህ እንዴት ሆነ? በቀለኞቹ የወደዱት ሰውየውን ነበር። ከፉከራው ውስጥ ይዘቱ ወድቆ ቅርጹ ብቻ በእጃቸው ቀርቷል።

ስለ ውርሱ ሲነገር ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የአውስትራሊያን አዞ ከጥፋት ያተረፈው ቴሌቪዥን አይደለም፤ ሕግ ነው። ለቆዳው ሲባል ያለገደብ ይታደን የነበረው የባሕር ዳርቻው አዞ በሰሜናዊው ግዛት በ1971፣ በኩዊንስላንድ በ1974 እ.ኤ.አ. በሕግ ተጠበቀ። ያን ጊዜ ኧርዊን ገና ልጅ ነበር። በሰሜናዊው ግዛት 3,000 ያህል ቀርቶ የነበረው ቁጥር በኋላ ወደ 100,000 ከፍ ብሏል። የኧርዊን ድርሻ ሕጉ ያተረፈውን ፍጡር ሕዝቡ እንዲታገሠው፣ ብሎም እንዲኮራበት ማድረግ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም፣ ቁጥሩ ከበዛ አዞ ጋር አብሮ መኖር ከባድ ነውና። በስሙ በኬፕ ዮርክ የተከለለው 135,000 ሄክታር መሬት የቦክሳይት ማዕድን አውጪዎች ሲመኙት፣ በ2013 በኩዊንስላንድ መንግሥት ውሳኔ ከማዕድን የተጠበቀው ቤተሰቡ የሕዝብ ድጋፍ ማሰባሰብ በመቻሉ ጭምር ነው።

ከፊልሞቹ ይልቅ ይህን ጸሐፊ የማረከው ግን በ2007 የታተመ፣ ኧርዊን ከሞተ በኋላ ስሙ ከደራሲዎቹ አንዱ ሆኖ የወጣ የምርምር ጽሑፍ ነው። ሦስት አዞዎች የሳተላይት መከታተያ ተገጥሞላቸው ከመኖሪያቸው ርቀው ተለቀቁ፤ ሦስቱም ተመለሱ። አንደኛው በሄሊኮፕተር ልሳነ ምድሩን ተሻግሮ 126 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዳርቻውን ዞሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዝ በ20 ቀን ቤቱ ገባ። ይህ ውጤት ኧርዊንን ያሳደገውን ሥራ፣ አዞን አስሮ ሌላ ቦታ መልቀቅን፣ ከንቱ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። ይህን የምርምር ጽሑፍ ማንም በቴሌቪዥን አይቶ አላጨበጨበም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቋቋመው የአዞ እርባታ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች ዕንቁላልና ጫጩት ሰብስቦ እያሳደገ ቆዳ ለውጭ ገበያ እንዲያቀርብ የታቀደ ነው። ኧርዊን የዱር እንስሳን ቆዳ መነገድን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ሻጭ ካለ ገዳይ አለ ባይ ነው። ለድሃ አገር ግን ዋጋ የሌለው አዞ ጠባቂ የሌለው አዞ ነው ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ ነገር ከኧርዊን ይልቅ ለአርባ ምንጭ ያደላል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚቀድድበትን ፍጡር በፍቅር ብቻ እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነውና።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የእባብ ነገር ነው። በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገጠር ገብስና ጤፍ የሚታጨደው ጎንበስ ተብሎ በማጭድ ነው፤ ነዶ የሚታቀፈው በባዶ ክንድ ነው፤ ብዙ እግር ባዶ ነው። ከጎጃም ወደ መተማና ሑመራ ሰሊጥ እርሻ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በቆላው በሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሕመሙን ችላ ከተባሉት የቆላ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ ሰው «እባብን ውደድ» የሚል ፊልም ማቅረብ ስላቅ ይሆናል። ጫማ፣ የእጅ ባትሪና በጤና ጣቢያው የሚገኝ የመርዝ ማርከሻ ከፍቅር ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሊነገረው የሚገባ እውነት አለ። በዓለም ላይ ከሚገኙት ከ3,000 በላይ የእባብ ዝርያዎች መርዘኞቹ 600 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሰውን ክፉኛ ሊጎዱ የሚችሉት ደግሞ ወደ 200 ይጠጋሉ። በጎተራው ሥር የሚሽሎከለከለው እባብ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው አይጥ ፍለጋ ነው። ዱላው የሚወድቀው ግን በሁሉም ላይ እኩል ነው።

የምንገድለውን እንኳ ገና ቆጥረን አልጨረስንም። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ትልቅ የእፉኝት ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከባሌ የሐረና ደን የተገኘው ሌላው እፉኝት ስም ያገኘው በ2016 ነው። ማልኮም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪት አስተኔዎችና ገበሎ አስተኔዎች የመዘገቡበት ትልቅ መጽሐፍ በ2010 ታትሟል፤ በእንግሊዝኛ ነው። የአዴት መምህር በአማርኛ ለተማሪው የሚያሳየው አቻ የለውም።

ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያችን ጣና ዳር ይጀምር። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ አዞ ስለሌለ ጫካው የአርጃኖ ነው፤ አርጃኖ ደግሞ ከሰው ብዙም አይሸሽም፣ መነካትም አያስፈልገውም። ከዚያ ካሜራው የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ አዞ ወዳለበት ቆላ ይውረድ፤ እናቲቱ ከጎጆዋ የፈለፈሉ ልጆቿን በአፏ እያነሣች ወደ ውኃ ስታደርስ ያሳይ፤ ሰው ትበላቸዋለች የሚለው ይህንን አይቶ ነው። አቅራቢው አይጩህ አንልም፤ የጎጃም ሰው ቢጮህ ያምርበታል። ነገር ግን አጫጁን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ የተነደፈ ሰው ያከመችውን ነርስ ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም አዞው ከበስተኋላው ይተኛ። እግረ መንገዱንም ጠንካራ ጫማ ማድረጉን ካሜራው አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ያሳይልን።