የሽያጭ ጉርሻና የመንግሥት ቍጥጥር

ባንክ ቤት የሚገባ ሰው በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠውን ጸሐፊ እንደ መካሪው ይቈጥረዋል። የዚያ ጸሐፊ እንጀራ የሚጸናው ብዙ ሲሸጥ ብቻ ከሆነ ግን ምክሩ ምክር መሆኑ ይቀራል። በአሜሪካ በዌልስ ፋርጎ ባንክ የደረሰው ነገር ይህን በግልጽ ያስረዳል።

ባንኩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ዐይነት አገልግሎት የመሸጥ ዓላማ ነበረው። የተመደበለትን የሽያጭ ድርሻ ላሟላ ሠራተኛ ጉርሻ፣ ላላሟላው ተግሣጽና ስንብት ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ መክፈት ተለመደ። በ2016 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ የተከፈቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሒሳቦችና የብድር ካርድ ማመልከቻዎች መኖራቸው ተገለጠ፤ ባንኩም 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። እስከዚያው ድረስ 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረው ነበር።

ይህን የቍጥጥር ድል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንቀበለውም። የብሔራዊ ባንኮች ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በሽያጭ ጉርሻው ስለሚፈጸመው ማጭበርበር 700 ያህል የሠራተኞች አቤቱታዎች መኖራቸውን ገና በ2010 ዓ.ም. ያውቅ እንደ ነበር አምኗል። ሆኖም ከባንኩ ሹም ጋር ተነጋገረ እንጂ የነገሩን ሥር ለመመርመሩ ማስረጃ አልተገኘም። በ2013 ዓ.ም. ነገሩን ለሕዝብ የገለጠው የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የከሰሰውም የከተማው ዐቃቤ ሕግ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ኋላ የተወሰደው ርምጃ በርግጥ ጠንካራ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ፌዴራል ሪዘርቭ የባንኩ ሀብት እንዳያድግ ገደብ አደረገበት፤ ገደቡም እስከ 2025 ዓ.ም. ጸና። በ2020 ዓ.ም. የቀድሞው ዋና ሥራ አስኪያጅ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ከባንክ ሥራ ታገደ። ይሁን እንጂ መቀጫ የጠፋውን አመኔታ አይመልስም።

መንግሥት የግል ድርጅትን ደመወዝ ሊወስን አይገባም የሚሉ አሉ። እኛም ልኩን ይወስን አንልም። ጉርሻው ስለ ምን እንደሚከፈል ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ስለ ሽያጩ ብዛት ነው ወይስ ደንበኛው ስላገኘው ጥቅም? የጉርሻውን ደንብ ሳይመረምር የሐሰት ፊርማ ብቻ የሚያሳድድ ተቈጣጣሪ፣ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደሚመለምል ገበሬ ነው።